ማንኮራፋቱ ቆሟል፤ መሪ ለመያዝ ግን ገና ነው

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 44 ነው፤ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ከባድ መኪና ነው የምነዳው፤ መስመሬ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ነው። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሼ በሰዓት 42 ጊዜ እንደሚቋረጥ ተመርምሬ ስለታወቀ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ቶንሲሌ ወጣ፣ ላንቃዬም ተስተካከለ። ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው። ደሴ እናቴ ቤት ሆኜ እያገገምኩ ነው። ጉሮሮዬ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል፣ ጆሮዬን ይወጋኛል፣ ውሃ ስጠጣም አልፎ አልፎ በአፍንጫዬ ይወጣል። ለሕመሙ ትራማዶል እወስዳለሁ፤ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ደግሞ ከአራት ቀን ወዲህ ማታ ማታ ዳያዜፓም ጨምሬያለሁ። ባለቤቴ ማንኮራፋቱ ሙሉ በሙሉ ቆሟል ትላለች። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የገዛሁትን ሲፓፕ ማሽን (ስተኛ በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን) ልሸጠው? አሠሪዬ በሚቀጥለው ሳምንት ግባ ብሎኛል። ጫትስ መቼ መቃም እችላለሁ? ደግሞ እንጥሌ በልጅነቴ ተቆርጧል፤ ታዲያ ይህ በሽታ ከየት መጣብኝ?»

ምላሽ፦ በዳያዜፓሙ ልጀምር። ዛሬ ማታ አይውሰዱት። ትራማዶል አንጎል ለትንፋሽ ያለውን ንቃት ያዳክማል። ዳያዜፓም ደግሞ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፤ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ብንን የሚልበትን ማንቂያም ያደነዝዛል። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ጤነኛ ለሆነ ሰው እንኳ አደጋ አለው። እርስዎ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ትንፋሽዎ በሰዓት 42 ጊዜ ይቋረጥ ነበር፤ አሁንም የጉሮሮዎ እብጠት ገና አልሟሸሸም። የወሰዱት ለአራት ቀን ብቻ ስለሆነ ዳያዜፓሙን ማቆም አይከብድዎትም። ለወራት የለመደው ሰው ቢሆን ኖሮ በአንዴ አቁም አልለውም፤ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ትራማዶሉንም እንዴት እንደሚያቆሙ ዛሬውኑ ለቀዶ ሐኪምዎ ደውለው ይጠይቁ።

በእርስዎ ቀን ላይ ላለ ሰው ዋናው የሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ነው። የጉበት ችግር ከሌለብዎት ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰዱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ እንዳይበልጥ። ሕመሙ ሲብስ ብቻ እየጠበቁ ከመዋጥ ሰዓት ጠብቆ መውሰድ ይሻላል። በተለይ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ከወሰዱት መዋጡ ይቀልዎታል። አስፕሪን ፈጽሞ አይሆንም፤ ደም ያቀጥናል። ዲክሎፌናክንም የቀዶ ሐኪምዎ ካላዘዘ በራስዎ አይግዙ።

አሁን ወደሚያስጨንቅዎ ነጭ ነገር እንምጣ። መግል አይደለም። አፍ ውስጥ ያለ ቁስል እንደ እጅ ቁስል ደርቆ ቅርፊት አይሠራም፤ እርጥብ ስለሆነ ነጭ ወይም ቢጫማ ሽፋን ይለብሳል። ይህ የመዳን ምልክት ነው። በጥጥ ወይም በጣት ለማንሳት አይሞክሩ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይለቃል። የአፍ ጠረን መቀየሩም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጆሮዎ ደግሞ አልታመመም። ቶንሲል የነበረበትን ቦታና የጆሮን ውስጥ የሚያገናኝ ነርቭ ስላለ የጉሮሮው ሕመም ጆሮ ላይ ይሰማል። የጆሮ ጠብታ አያስፈልግዎትም።

ውሃው በአፍንጫ የሚወጣው ላንቃው ስላጠረና ስላበጠ፣ ሲውጡ የአፍንጫን መንገድ አጥብቆ መዝጋት ስላልቻለ ነው። ብዙ ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። እስከዚያው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጭዎን ትንሽ ወደ ደረት ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ከሦስት ወር በኋላም ካልተወ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ለቀዶ ሐኪሙ መታየት አለበት። ድምፅዎ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ ቢመስልዎት፣ ጉሮሮዎ ውስጥ የተቀረቀረ ነገር ያለ ቢመስልዎትም አይደንግጡ። ደረቅነቱና የመቀርቀር ስሜቱ አንዳንድ ሰው ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት አለመንገር የእኛ የሐኪሞች ጉድለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሊያስደነግጥዎት ይገባል፤ ደም። ነጩ ሽፋን የሚለቅበት ጊዜ፣ ማለትም ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ያለው፣ ቁስሉ ሊደማ የሚችልበት ጊዜ ነው። እርስዎ አሁን እዚያው መሃል ላይ ነዎት። ምራቅ ላይ የሚታይ ቀጭን ቀይ መስመር ቀዝቃዛ ውሃ አፍ ውስጥ ሲይዙ በደቂቃዎች ከቆመ ችግር የለውም። ትኩስ ቀይ ደም ደጋግሞ ከመጣ፣ ወይም የረጋ ደም ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፤ ደሙን ይትፉት እንጂ አይዋጡት። ከዚያ በቀጥታ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ያደረገኝ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ነው» ብለው የ400 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዳይጀምሩ። እየደማ ታርማበርን የሚያቋርጥ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም። እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ወደ ኮምቦልቻ ከመመለስ ሆስፒታሉ አጠገብ፣ እናትዎ ቤት መቆየትዎ ይሻላል። ከደም ሌላ፣ ከ38.5 በላይ ትኩሳት፣ ተሽሎ የነበረ ሕመም እንደገና መባሱ፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ የአንገት እብጠት፣ ወይም ፈሳሽ እንኳ መዋጥ አለመቻል ለማደር ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ናቸው።

እናት ቤት ለሚያገግም ሰው ምን እንደሚቀርብለት እናውቃለን። ጉሮሮ ታመመ ሲባል ፌጦ በሎሚ ይመጣል። ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፤ ዝንጅብል ይፈላል። አንዱ ደግሞ በአረቄ ተጉመጥመጥ ይላል። ይህ ሁሉ ለጉንፋን ይሁን አይሁን ክርክር ውስጥ አልገባም። ለተከፈተ ቁስል ግን ያቃጥላል፣ ያደማል። እናትዎን እንዳያስከፉ ሌላ ሥራ ይስጧቸው። ለብ ያለ አጥሚት፣ ሙቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጎ፣ በርበሬ የሌለው ለስላሳ ገንፎ፣ በአልጫ ሽሮ በደንብ የራሰ ፍትፍት ያዘጋጁልዎ። የጾም ቀን ከሆነ የሱፍ ፍትፍት ጥሩ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንድሻና የተጠበሰ ዳቦ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆዩ። ቡናው ቀዝቅዞ ይጠጣ፤ የሚያቃጥል ነገር አሁን አይሆንም። ከሁሉም በላይ ውሃ። ሰው ስለሚያመው መጠጣት ይተዋል፤ ሳይጠጣ ሲቀር ጉሮሮው ይደርቃል፤ ሲደርቅ የባሰ ያመዋል። ሽንትዎ ከጠቆረ እየጠጡ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ረመዳንም ሆነ ሌላ ጾም ቢገባ ቁስሉ እስኪድን ፈሳሽ ማቋረጥ የለብዎትም፤ ለሕመምተኛ የተፈቀደውን ይጠቀሙ። ጎንበስ ማለትና ከባድ ነገር ማንሳትም እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሶላትም ሆነ ጸሎት ተቀምጦ ይሆናል። ሲተኙ ትራስ ደራርበው ከወገብ በላይ ከፍ ይበሉ፤ ወይም በጎንዎ ይተኙ።

የእንጥሉን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ብዙዎች እንጥል ከተቆረጠ ጉሮሮ ይከፈታል ብለው ያስባሉ። አይከፈትም። ወፍራም የአቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ አጥብቀው ሲስቡ ስትሮው መሃሉ ላይ ይጣበቃል። በእንቅልፍ ላይ ጡንቻው ሲላላ ጉሮሮም እንዲሁ ነው የሚሆነው። የሚጣበቀው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ላንቃው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ የጉሮሮ ግድግዳ ከግራና ከቀኝ ይገጥማል፤ የምላስ ስር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እንጥል ከዚህ ሁሉ ትንሿ ጫፍ ናት። ጭራሽ በልጅነት በምላጭ የተቆረጠ እንጥል ጠባሳ ጥሎ ላንቃውን ሊያጠብበው ይችላል። አንገትን የሚያወፍር ክብደት፣ ትልልቅ ቶንሲል፣ የመንጋጋ አፈጣጠር፣ የምላስ ውፍረት፣ ማታ የሚጠጣ አልኮል፤ በሽታው የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳ፣ ሲመሸው ከባድ እራት በልቶ የሚተኛ ሰው ላይ ደግሞ ክብደቱ ሳይታወቅ ይቆለላል።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፤ ልጆች ካሉዎት እንጥላቸውን አያስቆርጡ፣ ቶንሲላቸውንም በባህል አያስቧጥጡ። እርስዎ የተደረገልዎ በማደንዘዣ፣ ንጹሕ በሆነ ክፍል፣ ደም እየተቆጣጠሩ የሚሠራ ሥራ ነው። ያኛው ሕፃናትን ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለኤችአይቪ የሚያጋልጥ ጎጂ ልማድ ነው። ስማቸው ቢቀራረብም አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለቤትዎ «ማንኮራፋቱ ቆሟል» ማለታቸው እውነት ነው፤ እርስዎ ከዚያ ተነስተው «ድኛለሁ» ማለትዎ ግን ስሕተት ነው። የማንኮራፋት ድምፅ በአብዛኛው የሚወጣው ላንቃና እንጥል ሲርገበገቡ ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚርገበገበውን ክፍል አሳጥሮታል፤ ስለዚህ ድምፁ ይጠፋል። የምላስ ስር ግን እንዳለ ነው። ትንፋሽ ያለ ምንም ድምፅ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ ደግሞ ከበፊቱ የሚከፋበት ነገር አለው፤ ቀድሞ ድምፁ ሲቋረጥ ባለቤትዎ ነቅተው ይቀሰቅሱዎት ነበር፤ አሁን ጸጥ ስላለ እርሳቸውም ተኝተዋል።

ቁጥሩን እንየው። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ መቋረጥ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። የእርስዎ 42 ከባድ ነው። ይህ የላንቃ ቀዶ ሕክምና ለዚህ በሽታ ከተዋወቀበት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ተጠንቷል፤ ሲፓፕም የተዋወቀው በዚያው ዓመት ነው። በጥቅሉ ሲታይ ቀዶ ሕክምናው «ተሳካ» የሚባለው ግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ነው። «ተሳካ» ሲባል ደግሞ ቁጥሩ ቢያንስ በግማሽ ወርዶ ከ20 በታች ሆነ ማለት ነው። ከ42 ተነስተው 19 ላይ ቢደርሱ በወረቀት ላይ ተሳክቷል፤ እርስዎ ግን አሁንም መካከለኛ ሕመም ያለብዎ ሰው ነዎት። ትልልቅ ቶንሲል የነበራቸው ሰዎች የተሻለ ውጤት ያገኛሉ፤ በጣም ወፍራም የሆኑት ያነሰ። የእርስዎን ማወቅ የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የእንቅልፍ ምርመራውን በመድገም። እሱም አሁን አይሠራም። እብጠቱ መጉደል፣ ጠባሳውም መርጋት አለበት። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ቀን ቀን 95 ቢያሳይዎ ስለ ሌሊቱ ምንም አይነግርዎትም።

እናም ማሽኑን አይሽጡት። እንዲያውም መቼ መልሰው መጠቀም እንደሚጀምሩ ለቀዶ ሐኪምዎ በዚሁ ሳምንት ይጠይቁ። አፍንጫዎ ካልተነካ ብዙ ጊዜ በዚህ ሰሞን ይፈቀዳል። ላንቃው ስላጠረ አየር በአፍ ሊያመልጥ ይችላል፤ ያኔ አፍና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍነው ማስክ ይሻላል። የደሴ የሌሊት አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ማሽኑ የእርጥበት ውሃ መያዣ ካለው ይጠቀሙበት። ሌላም የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ እያንዳንዱ የትንፋሽ መቋረጥ የበለጠ ያስከፍላል። አንዳንድ ማሽኖች በትክክል የሚሠሩበት ከፍታም እዚሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል፤ መመሪያው ላይ ስለተጻፈ ያንብቡት። መብራት ሌሊት ቢጠፋ አይታፈኑም። ሙሉ ማስኩ የውጭ አየር የሚያስገባ ቫልቭ አለው፤ የአፍንጫው ማስክ ከሆነ አፍዎ ክፍት ነው። ማሽኑ ሲቆም ግን ጥበቃውም ይቆማልና መብራት መጥፋት ለሚበዛበት ቤት ባትሪ ቢኖር ጥሩ ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መንዳት የለብዎትም። ይህን በማያሻማ ቃል ነው የምለው። ሕክምና ያላገኘ የዚህ ሕመም ተጠቂ አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከሌላው ሹፌር ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። መስመሩን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከባቲ ወርደው የአፋር ሜዳ ላይ ሲገቡ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ ሙቀቱ ይከብዳል፤ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ 3 ሰከንድ ቢያሸልብዎ መኪናው ያለ ሹፌር ከ65 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ያውም ተሳቢ እየጎተተ። እንቅልፍ ያልጠገበ አንጎል ደግሞ ማሸለቡን ራሱ አያውቀውም። «እኔ እኮ ነቅቼ ነው የምነዳው» የሚሉኝ ሹፌሮች አብዛኞቹ ከልባቸው ነው የሚሉት።

ጫቱን ከዚሁ ጋር ነው የማየው። ለቁስሉ ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ፤ ቅጠሉ ይፍቀዋል፣ አፍ ያደርቃል። ከቁስሉ በኋላስ? ምርቃናው እንቅልፍን ይደብቃል እንጂ አይተካም። ሌሊቱን ሲታፈን ያደረ ሰው ከሰዓት ቅሞ ንቁ የሆነ ይመስለዋል፤ ምርቃናው ሲወርድ የተደበቀው እንቅልፍ በአንዴ ይመጣል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲል ለጨብሲ አልኮል፣ ወይም እርስዎ እንዳደረጉት የእንቅልፍ ኪኒን ይከተላል። ሁለቱም ጉሮሮን ያላላሉ። የደም ግፊት ካለብዎት ጫቱ ያንንም ይጨምራል። መተው ከቻሉ ይተዉት፤ በሥራ ቀን ግን ፈጽሞ አይሁን።

ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሦስት ወር ቁጭ በል ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። አጭሩ መንገድ ማሽኑ ነው። የብዙዎቹ ማሽኖች ካርድ በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደተጠቀሙና ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ይመዘግባል። በአሜሪካ ለሙያ ሹፌሮች የተለመደው መለኪያ በሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከ10 ሌሊት ቢያንስ በ7ቱ መጠቀም ነው። እኔ እርስዎን ከዚያ በላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠቀሙ ነው የምመክረው። የአንድ ወር መዝገብ ይዘው፣ ቀን ቀን ማንጎላጀት ሳይኖርብዎት ሐኪም ፊት ከቀረቡና ሐኪሙ በጽሑፍ ከፈቀደ፣ ቀን ቀን በአጭር መስመር መጀመር ይችላሉ። ማሽኑን ካልተጠቀሙ ግን ድጋሚ ምርመራው እስኪደረግ መሪ አይያዙ። ለአሠሪዎ የሐኪም ወረቀት ያስገቡ፤ እስከዚያው በደረቅ ወደቡ በኩል ጭነት መቆጣጠር የመሰለ ሥራ ካለ ይጠይቁ። ጭነቱም መኪናውም የእሱ ስለሆነ ጉዳዩ እሱንም ይመለከታል።

ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩ ከ5 በታች ከወረደና ቀን ቀን ካላንጎላጀዎት ያኔ ማሽኑን ለማቆም እንነጋገራለን። ካልወረደም ኦፕራሲዮኑ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ማሽኑን ባነሰ ግፊት ይለምደዋል። ለአንዳንዱ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ የጥርስ መሣሪያ ይሠራለታል፤ ለአንዳንዱ የምላስ ስር ላይ ተጨማሪ ሕክምና ይታሰባል። ከሁሉም የሚቀድመው ክብደት ነው። ክብደት በ10 በመቶ ሲቀንስ የትንፋሽ መቋረጡ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሲጨምርም ይብሳል። አሁን መብላት ስላልቻሉ የቀነሱት ኪሎ ቁስሉ ሲድን ተመልሶ እንዳይመጣ ከወዲሁ ይዘጋጁ። ዛሬ ይመዘኑና ቁጥሩን ይጻፉት።

አንድ ሥራ ደግሞ ለባለቤትዎ። በሳምንት አንድ ሌሊት፣ እርስዎ ያለ ማሽን እንቅልፍ በያዝዎት የመጀመሪያው ሰዓት፣ ስልካቸውን ደረትዎና ፊትዎ በሚታይበት ቦታ አስቀምጠው ለግማሽ ሰዓት ይቅረጹ። ድምፁን ሳይሆን ደረትዎን ይመልከቱ። ደረት እየታገለ አፍና አፍንጫ አየር የማያስገቡበት፣ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቆይ ጊዜ ካዩ ቪዲዮውን ሳያጠፉ ለቀዶ ሐኪምዎ ያሳዩ፤ ሦስት ወሩን አይጠብቁ። ምንም ካላዩ ደግሞ ምርመራውን አይሰርዙ፤ የግማሽ ሰዓት ቪዲዮ የሙሉ ሌሊት ምርመራን አይተካም።